የአጃቢዋ ስም ማን ነው?

ባለፈው እትማችን አንድ ወንድማችን ስለ አማርኛ ፊልሞች ባወጣው ሐተታ መሐል አንዲት ነገር ጣል አድርጎ አልፏል። በኮሜዲ ውስጥ አጃቢ ሆነው የሚሠሩት ሴቶች «ለማሳቅ ያህል» የሚገቡ ስለሆኑ ስለ ጥበባቸው የሚጻፍ ቁም ነገር የለም ይለናል። ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። ዳሩ ግን ዝምታ መስማማት ነው ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከቶ አልስማማም።

እስቲ አንባቢን ልጠይቅ። «እማማ ጨቤ»ን የማያውቅ አለ? የለም። የ«ቤቶች» ድራማዋን «ትርፌ»ንስ? እሷንማ ማን ይረሳል! እንግዲያው የባለቤቲቱ የራሷ ስም ማን ነበር? ይህንኑ ጥያቄ በፔዳ ግቢ የምሳ ሰልፍ ላይ ከፊቴና ከኋላዬ ለቆሙ ዘጠኝ ተማሪዎች አቀረብኩላቸው። ሦስቱ መለሱ። ስድስቱ ሳቁ። የሳቁት በጥያቄዬ አይደለም፣ «ትርፌ» ትዝ ብላቸው ነው።

ሰብለ ተፈራ ትባላለች። በ2008 ዓ.ም. መግቢያ፣ ሰው ሁሉ እንቁጣጣሽ ሲል፣ በመኪና አደጋ ስትለየን አርባ ዓመት አልሞላትም ነበር። በዚያ ዕድሜዋ ነው እንግዲህ አገር ሙሉ «እማማ» ሲላት የኖረው። ወጣት ሴት እናት አሮጊት ሆና ሰውን ስታሳምን፣ ይህ ጥበብ ካልሆነ ጥበብ የሚባለው ምኑ ነው? ስናለቅስላት እንኳ ብዙዎቻችን ያለቀስነው በገጸ ባሕርይዋ ስም ነው። ስሟን በገዛ ሥራዋ ዋጥነው።

«ይኼማ የዝና ምልክት ነው፣ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ይጎዳል እንጂ! ዋናው ተዋናይ የቱንም ያህል ሌላ ሰው ሆኖ ቢጫወት የራሱ ስም ከፖስተሩ አናት ላይ አይወርድም።

ደግሞስ ሳቁ ከማን ነው የሚመጣው? ወንድማችን ልብ ያላለው ይህን ነው። ዋናው ተዋናይ ይፎክራል፣ ይዋሻል፣ ያፈቅራል፤ አዳራሹ የሚፈነዳው ግን አጃቢዋ ትሪ ይዛ ቆማ በጎን ስታየው ነው። እሷን አውጧትና ያንኑ ቃል ይድገመው፤ አዳራሹ ለቅሶ ቤት ይመስላል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ቻርሊ ቻፕሊንን የማያውቅ የለም፤ ጺሙንና ከዘራውን ሕፃናት ሳይቀሩ ያስመስሉታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1915 እስከ 1923 ከ30 በሚበልጡ ፊልሞቹ ውስጥ አብራው የሠራችው ግን ኤድና ፐርቪያንስ ነበረች። ስሟን ስንቶቻችን ሰምተናል? ቻፕሊን እንኳ ውለታዋን አልረሳም፤ መሥራት ካቆመች በኋላም ደመወዝ ይከፍላት ነበር። የረሳናት እኛ ተመልካቾች ነን።

በአገራችንም ሴት መድረክ ላይ የወጣችው በቀላሉ አይደለም። ቀድሞ በቲያትር የሴት ልብስ ለብሰው ሴት የሚሆኑት ወንዶች ነበሩ። በ1940ዎቹ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ ቆመችና የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይት ተባለች። በዚያን ጊዜ ለተዋናይት የሚተርፋት ከጭብጨባው ይልቅ ስድቡ ነበር። ዛሬ አጃቢ ብለን የምንንቃት ሴት የቆመችበት ሰሌዳ በዚያ ድፍረት የተገኘ ነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ በቪዲዮ ካሜራ የሚሠራ ፊልም ሲበዛ ኮሜዲ ገበያውን ያዘ። ከቀደምቶቹና ከታወቁት አንዱ «የወንዶች ጉዳይ» ይባላል። ርእሱ ሳያስበው የኮሜዲያችንን እውነት ተናግሯል ልበል? ሴቷ ወይ ተፈቃሪ ናት፣ ወይ ሠራተኛ። ሠራተኛዋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእኛው አገር የሄደች ናት። እመቤቲቱ «መጥቼ» ስትል እሷ «መጥቸ» ትላለች። በቃ፣ ቀልዱ እሱ ነው! አዳራሹ ይስቃል።

ባሕር ዳር ላይ ተቀምጠን እኛም እንስቃለን። እኔም ስቄአለሁ፣ አልክድም። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ፣ ከጓደኞቼ ጋር የሠራተኛዋን አነጋገር እያስመሰልን በጣና ዳር በእግር ስንመለስ፣ እናቴ ከአዴት ደወለች። «በላህ ወይ ልጄ? እኔስ በልቸ ልተኛ ነው» አለችኝ። ድምፅ ማጉያው ክፍት ነበር። ጓደኞቼ ዝም አሉ። እኔ ግን ስልኩን ወደ ጆሮዬ ወስጄ ድምፁን ቀነስኩት። ያን ዕለት ያፈርኩት በማን ነበር?

እንግዲህ ጉዳዩ የስም ብቻ አይደለም። የመደብ ጉዳይ ነው፣ የአፍ መፍቻም ጉዳይ ነው። አጃቢዋን የምንረሳት የምትመስለውን ሰው ማየት ስለማንፈልግ ነው፤ እናታችንን፣ እኅታችንን፣ አዲስ አበባ ሰው ቤት የገባችውን የጎረቤት ልጅ።

ወንድማችን አንድ ነገር ላይ እውነት አለው። የብዙዎቹ ፊልሞች ድርሰት ቀሽም ነው። ግን ጥፋቱ የማን ነው? የደራሲው አይደለም እንዴ? ገና በ1950ዎቹ መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ»ን ሲጽፍ የተማረ የትልቅ ቤት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ተነሣ ብሎ ነው ነገሩን የጀመረው። ያም ኮሜዲ ነው፤ ያም ያስቃል። የሚያስቀን ግን በሠራተኛዋ ላይ ሳይሆን በትልቅነት በሚመኩት ላይ ነው። ከ50 ዓመት በላይ አልፎ እኛ ከዚያ ወደ ኋላ ሄደን ሠራተኛዋን ትሪ አስይዘን በር ላይ አቁመናታል። በዚያች በር ላይ ቆማ፣ በተሰጣት ሦስት መስመር ቃለ ተውኔት ሰው ሆና የምትታየን ተዋናይት ደግሞ ከዋናው ይልቅ ልትደነቅ ይገባል። ባዶ ድስት ሰጥተናት ወጥ አወጣችበት!

ስለዚህ ለግቢያችን የቲያትር ክበብ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በሚቀጥለው ተውኔት ማስታወቂያ ላይ የተዋንያኑ ስም ሁሉ በእኩል ፊደል ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሠራተኛ የምታስገቡ ከሆነ ለምን ከቤቷ እንደወጣች እናንተ ደራሲዎቹ እወቁ፤ ባትነግሩንም እወቁ። አፏን ለሳቅ አትሽጡብን።

ወንድማችን መልስ ካለው ይጻፍ፣ ገጹ ክፍት ነው። ከመጻፉ በፊት ግን አንድ ኮሜዲ ይምረጥና ስሞቹ ተዘርዝረው እስኪያልቁ ድረስ ከወንበሩ አይነሣ። እኛ ብዙውን ጊዜ ወጥተን የምንሄደው የአጃቢዋ ስም ሳይመጣ ነው።

አንድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ
ከፔዳ ግቢ፣ ባሕር ዳር