ከቋጠሮው በፊት ፈቺው ይታወቅ

«ብልህ ፖሊመር» የሚለውን ስም ሳትሰሙ አትቀሩም። ስሙ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ያሳስታል። ፖሊመር አያስብም። ኢንዛይም ሲያገኘው የሚፈታ ቋጠሮ ያለበት ረጅም ሰንሰለት ነው እንጂ። ነገሩም ለእኛ ባዕድ አይደለም። ስታርች ፖሊመር ነው፤ ወፍራም ገንፎ ላይ የብቅል ዱቄት ሲጨመርበት የሚቀጥነው፣ በብቅሉ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የስታርቹን ሰንሰለት ስለሚቆርጠው ነው።

የዛሬዎቹ ሊቃውንት የሚሠሩት፣ ኢንዛይሙ የሚቆርጠውን ቦታ እነርሱ በመረጡት ስፍራ መትከል ነው። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ፣ ቆራጩ ኢንዛይም የት ይገኛል? ምን ያህልስ ነው? የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሉቶልፍ፣ ሁቤልና ባልደረቦቻቸው አንድ ጄል ሠሩ። ማሰሪያዎቹ ሕዋሳት መንገድ ሲከፍቱ በሚያመነጩት ኢንዛይም የሚቆረጡ ፔፕታይዶች ነበሩ። ጄሉን አጥንት ከሚያበቅል ፕሮቲን ጋር በአይጦች የራስ ቅል ቀዳዳ ውስጥ አኖሩት፤ አጥንትም በቀለ። የአጥንቱ መብቀል ግን ጄሉ በኢንዛይሙ በመቆረጡ መጠን የተወሰነ ሆኖ ተገኘ።

በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ዶክሶሩቢሲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት በአራት አሚኖ አሲዶች ከፖሊመር ጋር ታስሮ በብሪታንያ በሕሙማን ላይ መሞከር ጀመረ። ፈቺው ካቴፕሲን ቢ ነው። ይህ ኢንዛይም ግን በጤናማ ሕዋስም ውስጥ አለ፤ መጠኑም ከሕመምተኛ ሕመምተኛ ይለያያል። ጥፋቱን ሁሉ በኢንዛይሙ ላይ መጣል ባይገባም፣ ያ ውሕድ ከሙከራ አልፎ ለሕክምና አልተፈቀደም።

«ፖሊመሩን ኬሚስቱ ይሥራ፤ ኢንዛይሙን የባዮሎጂ ሰው ይለካ» የሚል ወገን ይኖራል። ይህ ክፍፍል በወረቀት ላይ ያምራል፤ በተግባር ግን ቋጣሪው ፈቺውን ሳያውቅ ይቋጥራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። መርዛም መድኃኒት በጤናማ አካል ውስጥ ቢፈታ ጉዳት ነው፤ በታመመው ስፍራ ሳይፈታ ቢቀር ደግሞ ሕመምተኛው ተስፋውን በከንቱ ጣለ ማለት ነው።

ስለዚህ መምህራኖቻችን ሆይ፤ እንዲህ ያለ የምርምር ሐሳብ ሲቀርብላችሁ በመጀመሪያው ገጽ ሦስት መልስ ጠይቁ፦ የትኛው ኢንዛይም? በየትኛው አካል? በታመመውና በጤናማው ምን ያህል? ተማሪዎችም ከኬሚስትሪና ከባዮሎጂ ሁለት ሁለት ሆነን አንድ ጽሑፍ እናቅርብ። መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ መቀመም ይሁን።