ድራም በሌለበት ቤት ድራም መቅዳት

በዚህ ወር ልጄን ያስቀየምኩበትን ነገር ልንገራችሁ። 16 ዓመቱ ነው። መኝታ ክፍሉን በአንድ ኮምፒውተር፣ በትንሽ ኪቦርድና በአንድ ማይክ ስቱዲዮ አድርጎታል። ለአያቱ 80ኛ ልደት ዘፈን እየሠራ ነበርና «አባዬ፣ እስቲ ስማው» ብሎ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። እኔ ደክሞኝ ከሥራ መግባቴ ነው። ሰማሁና «ድራሙ የልብስ ስፌት መኪና ይመስላል» ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ለሁለት ሳምንት ያ ክፍል ጭጭ አለ።

እውነተኛ ድራም እንዳንገዛለት የምንኖረው አፓርታማ ነው። ከታች ያሉት ጎረቤታችን ወንበር ሲሳብ እንኳ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ። ድራሙ ቢኖር ደግሞ በወጉ ለመቅዳት ለኪኩ፣ ለስኔሩ፣ ለቶሙ፣ ለሲምባሉ ማይክ ያስፈልጋል፤ ክፍሉም መዘጋጀት አለበት። ስለዚህ ልጆቻችን የሚሠሩት ኮምፒውተር ውስጥ በተቀመጡ የድራም ድምፆች ነው። ልጄ የሚጠቀምባቸው ድምፆች ስቱዲዮ ውስጥ ከእውነተኛ ድራም የተቀዱ ናቸው። ታዲያ ለምን መኪና መሰሉ?

መልሱን ያገኘሁት እዚሁ ምግብ ቤቴ ውስጥ ነው። አርብ አርብ የሚመጡ አንድ ደንበኛ አሉኝ፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ድራም ይመቱ የነበሩ። ጥብሱ እስኪደርስ ጣታቸው ከጠረጴዛው ላይ አያርፍም። ነገሩን ስነግራቸው «ልጁን ከነኮምፒውተሩ አምጣው» አሉኝ። በስንት ልመና አመጣሁት።

ጋሼ ትንሽ እንደሰሙ «ይሄ ሰውዬ ስንት እጅ ነው ያለው?» አሉ። ልጁ ግራ ገባው። «ስኔርም፣ ሃይሃትም፣ ሲምባልም መትቶ እዚያው ላይ ቶም ይጨምራል። እኔ እኮ ሁለት እጅና ሁለት እግር ነው ያለኝ!» ትልቁን ሲምባል የመታ እጅ ለዚያች ቅጽበት ሃይሃቱን ይተዋል። ኮምፒውተሩ ይሄን አያውቅም፤ ያዘዙትን ሁሉ ይደራርባል። የሰው ጆሮ ግን ስሙን ባያውቀውም አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማዋል። ልጁ የተደራረቡትን እየፈለገ አጠፋ፤ ይሄ ብቻውን ግማሹን አስተካከለው።

ቀጥሎ የምቱ ኃይል ነው። ሚዲ በሚባለው አሠራር እያንዳንዱ ምት ከ1 እስከ 127 ቁጥር ይሰጠዋል፤ ትልቁ ጠንካራ ነው። ልጄ ሁሉንም 110 ላይ ደርድሯቸዋል። «ሰው ሁለቴ እኩል አይመታም» አሉ ጋሼ። ሃይሃቱን አንዱን 95፣ ቀጣዩን 60፣ ከዚያ 75 እያሉ አለያዩት። በዋናዎቹ የስኔር ምቶች መሃል ደግሞ 25 እና 30 አካባቢ ያሉ፣ ዱላው ቆዳውን ነካ ብቻ የሚያደርግባቸው ምቶች አስገቡ። ለብቻቸው አይሰሙም። ሲወጡ ግን ዘፈኑ ይደርቃል፤ ወጥ ላይ እንደምትነሰነሰው መከለሻ በሉት። በነገራችን ላይ ቀስ ተብሎ የተመታ ስኔር ድምፁ የሚያንስ ብቻ አይደለም፣ ጠባዩም ሌላ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ድምፅ ሲመርጥ አንዱ ከበሮ በተለያየ ኃይል ተመትቶ የተቀዳበትን ይፈልግ።

ከሁሉ ያከራከረን ጊዜው ነበር። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ምት ወደ መስመሩ ስቦ ልክ ያደርገዋል። ልጄ ይህን ለማላላት ምቶቹን በዘፈቀደ ወዲያና ወዲህ የሚያደርግ ቁልፍ ተጫነ። ጋሼ ፊታቸውን አጨማደዱ። «ስካርና ስሜት አንድ አይደለም!» ጥሩ ድራም መቺ ሲዘገይ ልማድ አለው፤ ለምሳሌ ስኔሩን ሁልጊዜ ትንሽ፣ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ያዘገያል። ይሄ ደግሞ ለችክችካ ይብሳል። ልጄ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ውስጥ ያሉት ዝግጁ ምቶች አብዛኞቹ 4/4 ናቸው፤ እሱ ራሱ የሠራው 6/8 ደግሞ በማስመሪያ እንደተቆረጠ እኩል እኩል ነው። ጋሼ ማውሱን አስቀመጡትና ኪኩን በግራ ጣቱ፣ ስኔሩን በቀኝ ጣቱ ኪቦርዱ ላይ እንዲጫወት አደረጉት። በጣም የሳተውን ብቻ እያረሙ ግማሽ ሰዓት ሞከሩ። በመጨረሻ ባለቤቴ ሰሃን ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አየን። «በቃ! እሱን አስቀምጠው» አሉ።

እዚህ ላይ ማሽን መምሰል ሁልጊዜ ጥፋት እንዳይመስላችሁ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በአኮርዲዮን የሠራው አልበም ላይ ድራሙ ማሽን ነው፣ ማሽንነቱንም አይደብቅም፣ ያምራልም። የእኔ ልጅ ግን የፈለገው ለአያቱ ባንድ ነው።

የቀረውን ቤት ጨረስነው። እያንዳንዱ ድምፅ ከቅርብ የተቀዳ ስለሆነ ሁሉም የተለያየ ቤት ያለ ይመስል ነበር። ሁሉንም በአንድ የትንሽ ክፍል ኤኮ ውስጥ አሳለፋቸው፤ ለኪኩ ግን በጣም ትንሽ፣ አለዚያ ይደፈርሳል። ከዚያ እውነተኛ ነገር ጨመርንበት። ከበሮ ለጎረቤታችን ስለማይሆን የቅመም ዕቃ ውስጥ እስከ ግማሽ ሩዝ አድርገን አንሿሿን። ምስርም ሞክረን ነበር፣ ሩዙ በለጠ። ጭብጨባውን ግድግዳው ላይ ጋቢ ሰቅለን (ክፍሉ እንዳያስተጋባ ነው) እኔ፣ እናቱና እህቱ ከማይኩ በተለያየ ርቀት ቆመን ሦስት ጊዜ ቀዳን። አንዷን ጭብጨባ እየገለበጡ ዘፈኑን ሙሉ መደርደር የለም፤ እንደዚያ ከሆነ ተመልሶ ስፌት መኪና ነው። የእኛ እጅ ከኮምፒውተሩ ስኔር ጋር አብሮ ሲወርድ ስኔሩ ራሱ ሰው የመታው መሰለ።

ሁለተኛው አዝማች ላይ የእኔ ጭብጨባ ቀድሞ ይሰማል። «አርመው» አልኩት። «እሱ ይቆይ አባዬ» አለኝ። እስካሁን አላረመውም።