ከባለፈው የተረፈች ፍላጂል

እኛ ፒያሳ ሰፈር ልጅ ሆዱን ሲያመው መጀመሪያ የሚከፈተው የአያት ቁም ሣጥን ነው። እዚያ ከባለፈው የተረፈች ፍላጂል አትጠፋም። «ግማሽ ግማሽ ሁለት ቀን ይዋጥና ሲሻለው ይተወው» ይባላል። የኮሶ ልማድ ይመስለኛል፤ ኮሶ አንዴ ተጠጥቶ ያልቃል። አሜባና ጃርዲያ ግን ትል አይደሉም፤ በዓይን የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው።

ቁስል ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲፈስ አረፋ እንደሚያወጣ አይታችኋል? ደማችን ውስጥ ያለው ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም መርዙን ወደ ውኃና ኦክስጅን ሲከፍለው ነው። ኦክስጅን ብረትን እንደሚያዝግ ሁሉ ሕዋስንም ይጎዳል። በምድር አየር ውስጥ መብዛት ከጀመረበት ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ፣ በአየር የሚኖር ፍጥረት ሁሉ መከላከያ ያስፈልገዋል።

አሜባና ጃርዲያ ኦክስጅን እምብዛም በሌለበት አንጀት ስለሚኖሩ ካታሌዝ የላቸውም። ይሁንና ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ኦክስጅንን ወደ ውኃ የሚለውጡ ኢንዛይሞች አሏቸው፤ የአንዳንዶቹም ዘረ መል ድሮ ከባክቴሪያ የመጣ ነው። ከጎረቤት ወንፊት ተውሶ ሳይመልሱ መቅረት በሉት!

ፍላጂል የሚገባው በዚሁ ደካማ ጎናቸው ነው። ሲዋጥ ገና መርዝ አይደለም። ኦክስጅን በሌለው ሕዋስ ውስጥ ኤሌክትሮን ሲቀበል ግን መርዝ ሆኖ ዘረ መላቸውን ይሰባብራል። በእኛ ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅኑ ያንን ኤሌክትሮን መልሶ ስለሚነጥቀው መድኃኒቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የሚያሳስበኝ ይህ ነው፦ ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ መድኃኒቱን በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ አሜባዎችን አለማምደው ነበር። የተላመዱት አሜባዎች ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ የተባለውን መከላከያ ኢንዛይም አብዝተው ማምረት ጀመሩ፤ መድኃኒቱንም ቻሉት። የቁም ሣጥናችን ግማሽ ግማሽ ከዚህ ልምምድ በምን ይለያል?

ደግሞስ የሕፃን ተቅማጥ ሁሉ አሜባ ነው ያለው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ቫይረስ ነው፤ ፍላጂል ቫይረስን አይነካም። ስለዚህ አያቶች፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ኦ.አር.ኤስ. ይቀመጥ። ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ ወይም ልጁ ከደከመ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ሰገራው ይመርመር። መድኃኒት ከታዘዘለትም፣ በሁለተኛው ቀን ሲሮጥ ብታዩትም እንኳ፣ እስከ መጨረሻዋ ይዋጣት።