ካሪቢያን ለሁለት

ጥር ሲቃረብ ቢሮ ውስጥ የሚጠየቀኝ ጥያቄ ይቀየራል። አዳራሽ የትኛው ይሻላል፣ ዲኮር ማን ይሠራል ሲባል ይከርምና ሰርጉ ሁለት ወር ሲቀረው «ጫጉላው የት ይሁን?» ይመጣል። ድሮ መልሱ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ነበር። ቀጥሎ ዛንዚባርና ዱባይ መጡ። አሁን ደግሞ፣ በተለይ ከሙሽሮቹ አንዱ አሜሪካ የሚኖር ከሆነ፣ ስልክ ይወጣና አንድ ሥዕል ያሳዩኛል፤ ግዙፍ ነጭ መርከብ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ «7 ሌሊት በካሪቢያን» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩም የማይታመን ዋጋ።

እንጀራዬ ማስታወቂያ ስለሆነ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ከዋጋው ፊት ባለችው ትንሽ ቃል ላይ ነው፤ «ከዚህ ጀምሮ»። ይህች ቃል ውሸት አይደለችም፤ ግን ብዙ ነገር ትሸከማለች። ማስታወቂያው በሰው 700 ዶላር ይላል እንበል። ዋጋው የተሰላው አንድ ክፍል ውስጥ ለሚያድሩ ሁለት ሰዎች ስለሆነ ለጥንዶች 1,400 ዶላር ይመጣል። ግብርና የወደብ ክፍያ ተካቶበታል ብለን እንለፈው፤ ሁሌ ባይካተትም። በብዙዎቹ መርከቦች ለሠራተኞች የሚከፈለው ጉርሻ በቀን በቀን ሒሳባችሁ ላይ ይጨመራል። በሰው 17 ዶላር ብንይዘው ለሁለት ሰው በ7 ቀን 238 ይሆናል። ለአንድ ስልክ ኢንተርኔት በቀን 20 ዶላር ካልን 140። ሁለት ደሴት ላይ ወርዳችሁ በሰው 80 ዶላር የሚያስከፍል ጉብኝት ከያዛችሁ 320።

ከዚያ መጠጡ ይመጣል። ቁርስ፣ ምሳና እራት በዋጋው ውስጥ ናቸው፤ ቢራ፣ ወይን፣ ኮክቴል፣ ብዙ ጊዜ ለስላሳ መጠጥም ጭምር ለብቻ ነው። ስለዚህ ኩባንያዎቹ በቀን የሚከፈል የመጠጥ ፓኬጅ ይሸጣሉ። ጥንዶችን የሚነካው ነጥብ ይህ ነው፤ በብዙዎቹ ኩባንያዎች ሕግ አንድ ክፍል ከሚጋሩ አዋቂዎች አንዱ የአልኮል ፓኬጁን ከገዛ ሌላውም መግዛት አለበት። እሱ ይጠጣል፣ እሷ አትጠጣም፤ ወይም በተቃራኒው። ቢሆንም ሁለቱም ይከፍላሉ። በቀን 70 ዶላር ብንገምት 980 ይሆናል። ደምሩት፤ 1,400 ዶላር የነበረው 3,078 ደረሰ፤ የአውሮፕላን ትኬት ገና አልተነሣም። አንዳችሁ የማትጠጡ ከሆነ ፓኬጁን ትታችሁ በብርጭቆ መክፈል ብዙ ጊዜ ሊረክስ ይችላል። በዚያ ላይ መርከቡ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ አይወጣም፤ ሁሉም ነገር የክፍላችሁ ቁልፍ በሆነችው ካርድ ይመዘገብና የመጨረሻው ቀን ይመጣል። ለጉዞ በተፈቀደላቸው ውስን ዶላር ከአዲስ አበባ ለሚነሡ ሙሽሮች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ገንዘቡ ቢሟላም ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ መነጋገር ያለባችሁ ነገር አለ። የእኛ ሰርግ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሽምግልናው፣ ሰርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ ሲያልቅ ሙሽሮች ለብቻቸው ተቀምጠው ያወሩበት ሰዓት የለም። ከዚያ ወጥተው በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚሳፈርበት መርከብ ላይ ሲወጡ አንዱ «አሁን ገና ልጨፍር ነው» ይላል፤ ሌላው መተኛት ይፈልጋል። ዘመድ ሁሉ በርቀት ሆኖ ሁለቱ ብቻቸውን የሚሆኑበት የመጀመሪያው ሳምንት ስለሆነ እዚህ ላይ አለመስማማት ያስከፋል። መርከቦቹ ደግሞ በጠባይ እንደ ሰው ይለያያሉ፤ በማስታወቂያው ሥዕል ግን አንድ ዓይነት ናቸው።

የሮያል ካሪቢያኗን «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» ውሰዱ። በ2024 መጀመሪያ ከማያሚ ሥራ የጀመረች፣ 20 ፎቅ ያላት፣ ስትሞላ ከ7,000 በላይ መንገደኛ የምትይዝ ተንሳፋፊ ከተማ ናት። የውሃ መንሸራተቻ፣ የበረዶ ላይ ትርዒት፣ ልጆች፣ ልጆች፣ አሁንም ልጆች። ሁለት ልጅ ወልዳችሁ ብትሄዱባት ትመርቁኛላችሁ። ለጫጉላ ግን እኔ አልመክራትም። ካርኒቫል ዋጋው ደህና ነው፤ ሙዚቃውና ጫጫታውም እስከ ሌሊት ነው፤ ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው። ዲዝኒ ስሙ ይበቃል። ሆላንድ አሜሪካ ላይ አብዛኛው መንገደኛ የወላጆቻችሁ እኩያ ነው፤ ጸጥታ ለሚፈልጉ ይህ ጉዳት የለውም። ሴለብሪቲ መሐል ላይ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ምግቡ ላይ የሚጠነቀቅ፣ ልጅ የማይበዛበት። ቨርጂን ቮየጅስ ከ18 ዓመት በታች ጭራሽ አያሳፍርም፤ ምግብ ቤቶቹም ሁሉ በዋጋው ውስጥ ናቸው። ነገር ግን ልጅ የለም ማለት ጸጥታ አለ ማለት አይደለም፤ ምሽቱ ድግስ ነው፣ ቀልዱም አንዳንዴ ድፍረት ይበዛዋል። በጣም ትንሽ ነገር ከፈለጋችሁና አቅሙ ካለ፣ ባለ አምስት ምሰሶዋ «ሮያል ክሊፐር» የተባለች እውነተኛ የሸራ መርከብ አለች፤ የምትይዘው 227 ሰው ብቻ ነው። ሙዚቃ ቤት አትጠብቁ፤ ነፋስና ባሕር ነው።

መንገዱን በተመለከተ፣ ሦስትና አራት ሌሊት የሚሉት አጫጭር ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ ባሃማስ ናቸው። ባሃማስ በካርታ ካሪቢያን ባሕር ላይ አይደለችም፤ አትላንቲክ ላይ ናት። ይህን የምለው ለጂኦግራፊ ፈተና ሳይሆን አጫጭሮቹ ጉዞዎች የሳምንት መጨረሻ ጭፈራ ስለሚበዛባቸው ነው። የምዕራቡ መንገድ የሜክሲኮዋን ኮዙሜል፣ የሆንዱራሷን ሮአታን፣ ግራንድ ኬይማንን፣ ጃማይካን ይነካል። የምሥራቁ ቅዱስ ቶማስን፣ ቅዱስ ማርተንን፣ ፖርቶ ሪኮን። በሁለቱም ከፍሎሪዳ ስትነሡ ሁለት ሦስት ቀን ሙሉ ባሕር ላይ ታሳልፋላችሁ፤ ደክሟችሁ ለመጣችሁ ጥንዶች ይህ በረከት ነው። ደሴት በደሴት ላይ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ግን ከፖርቶ ሪኮዋ ሳን ሁዋን የሚነሣው የደቡቡ መንገድ ይሻላል፤ ባርቤዶስ፣ ቅድስት ሉቺያ፣ ግሬናዳ፣ ወይም ወደ ታች ወርዶ አሩባና ኩራሳዎ። በየማለዳው አዲስ አገር ነው።

ለእኛ ሰው ጃማይካን ከምርጫው ባትሰርዟት ደስ ይለኛል። መርከቡ ኦቾ ሪዮስ ወደብ ከቆመ ወደ ተራራው የሚወጣው መንገድ ቦብ ማርሌ ተወልዶ ወደ ተቀበረባት ናይን ማይል መንደር ይወስዳል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በየግድግዳው ይጠብቃችኋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን የወረዱበትን ዕለት ራስታዎች እስከ ዛሬ ያከብራሉ፤ ከኢትዮጵያ ነው የመጣነው ስትሉ የሚገጥማችሁን አቀባበል ሌላ ደሴት ላይ አታገኙትም።

ጊዜው ላይ ዕድለኞች ነን። የካሪቢያን ደረቅ ወቅት ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ነው፤ የእኛ የጥር ሰርግ ልክ መሐሉ ላይ ይወድቃል። ገናና የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋጋውን ሰማይ ያደርሱታል፤ ከዚያ ረገብ ይልና የፌብሩዋሪው አጋማሽ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ዕረፍት እንደገና ያንረዋል። ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት መሐል ላይ ናቸው። ማርች የኮሌጅ ተማሪዎች ዕረፍት ነው፤ ሽሹት። ከፋሲካ በኋላ የምታገቡም ጥሩ ጊዜ ላይ ናችሁ፤ የአውሎ ነፋሱ ወቅት የሚጀምረው ጁን 1 ነው። ለመስከረም ሙሽሮች ግን ነገሩ ይከፋል። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር አውሎ ነፋሱ የሚበረታበት ነው፤ ዋጋው የሚወርደውም ለዚሁ ነው። መርከቡ ማዕበሉን ይሸሻል፤ ሲሸሽ ግን የከፈላችሁባቸውን ደሴቶች ትቶ ሌላ ቦታ ሊወስዳችሁ ውሉ ይፈቅድለታል። በዚያ ወራት መሄድ ግድ ከሆነ አሩባና ኩራሳዎን ምረጡ፤ በአብዛኛው ከአውሎ ነፋሱ መንገድ ውጪ ናቸው።

ፓስፖርታችሁ ግን ከሥዕሉም ከወቅቱም ይቀድማል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ከማያሚ የሚሳፈር ሰው የአሜሪካ ቪዛ እንደሚያስፈልገው ሁሉም ያውቃል። የሚዘነጋው ቪዛው ስንት ጊዜ ያስገባል የሚለው ነው። መርከቡ ሜክሲኮ ወይም ባሃማስ ደርሶ ሲመለስ እንደገና አሜሪካ መግባት ነው። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ያለው ሰው ያችን አንድ ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተጠቅሞባታል። ቪዛችሁ ይህ ዓይነት ከሆነ ትኬት አትቁረጡ። ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ደሴት የራሱ ሕግ አለው። ማርቲኒክና ጓዴሉፕ የፈረንሳይ ናቸው፤ የሼንገን ቪዛ አለኝ ብሎ እዚያ መውረድ ግን በራሱ አይቻልም። አንዱ አሜሪካዊ ዜጋ፣ ሌላዋ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘች ከሆነ የሁለቱን ሰነድ ለየብቻ፣ በመንገዱ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ አገር አስመርምሩ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ወደቡ ላይ ይቀራል፤ ገንዘቡም ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ክፍል ስትመርጡ፣ መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ርካሽ ነው፤ ለእንቅልፍ ብቻ ከሆነ ይበቃል። ለጫጉላ ግን ከመጠጥ ፓኬጁ ላይ ቆርጣችሁ ባልኮኒ ግዙ ባይ ነኝ። በሺህ ሰው መሐል የራሳችሁ የሆነው ባሕር ያ ብቻ ነው። «ክፍሉን እኛ እንመርጥላችኋለን» የሚለው ቅናሽ የዳንስ ቤቱ አናት ላይ ሊያስተኛችሁ ይችላል። ከላይም ከታችም መኝታ ክፍሎች ያሉበትን፣ ከመርከቡ መሐል፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ምረጡ፤ ባሕር ለማናውቅ ለደጋ ልጆች መወዛወዙ እዚያ ይቀንሳል። በነገራችን ላይ ያረገዘች ሙሽራ ካለች፣ ጉዞው ከማለቁ በፊት 24ኛ ሳምንቷን የምትይዝ ከሆነ ኩባንያዎቹ አያሳፍሯትም።

ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ የምትሄዱ አትጨነቁ። «ጾም ላይ ነኝ» ብትሉ ማንም አይገባውም፤ «ቪጋን» በሉ፣ ትኬቱን ስትቆርጡም አስመዝግቡት። ሐላል የምትፈልጉም እንዲሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሁሉም መርከብ ላይ የለም።

በረራውን ስትይዙ መርከቡ ከሚነሣበት ቀን ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ፍሎሪዳ ግቡ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ወይም አትላንታ ደርሶ እንደገና ሌላ አውሮፕላን መያዝ ነው፤ አንዱ ቢዘገይ፣ ሻንጣ ቢጠፋ፣ መርከቡ ሙሽሮች ናቸው ብሎ አይጠብቅም።