አምስት ስለት ለአንድ አገጭ

እስቲ እንጠያየቅ፤ ለአንድ አገጭ ስንት ስለት ይበቃዋል? ኪንግ ካምፕ ጂሌት በፈረንጆች 1904 የፈጠራ መብት ያገኘበት መላጫ የያዘው በሁለት ወገን የተሳለ አንድ ቀጭን ምላጭ ነበር። ያው ኩባንያ በ1971 ስለቱን ሁለት አደረገው፤ በ1998 ሦስት፤ በ2006 አምስት! ጢማችን ግን ያው የአባቶቻችን ጢም ነው።

«ዘመናዊ ነው፣ ይመቻል» ይሉናል። ለቸኮለስ እውነት ይመቻል። ጉዱ ያለው ግን የፊተኛው ስለት ጠጉሩን ሲስበው ተከታዩ ከሥሩ መቁረጡ ላይ ነው። የተቆረጠው ጫፍ ከቆዳ በታች ይቀራል። እንደኛ ያለው ከርዳዳ ጢም ደግሞ ሲያድግ ተጠምዝዞ ሥጋ ይወጋል። የብዙዎቻችን አንገት ሽፍታ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ኪስስ? የዘመናዩ እጀታ የተሠራው የገዛ ኩባንያውን ራስ ብቻ እንዲቀበል ነው። አንዴ ገዛህ፣ ሁሌ ገባር ሆንክ! የአሮጌው ምላጭ መብት ግን ካበቃ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ማንም ፋብሪካ ይሠራዋል። አንዱ ቢወደድብህ ሌላውን ትገዛለህ፤ እጀታህ አይከለክልህም።

እንግዲህ ጢምህን በሙቅ ውኃ አርስ፣ ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ አስነሳ፣ ምላጩን ሳትጫን ጠጉሩ ወደተኛበት ሳብ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል? ይፍጅ! ዕድሜ ልክ ከመገበር ይሻላል።