ካርዱ ላይ ያለው መልስ

ልጆች ስለ ቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር የሚሉትን የሰማ አዋቂ ብዙውን ጊዜ ስቆ ያልፋል። «ጠያቂው የማያውቀው ነገር የለም»፣ «ሽልማቱን ከኪሱ ነው የሚሰጠው»፣ «ጮክ ብዬ ብነግረው ይሰማኛል» ይላሉ። እኔ ይህን ስሰማ መሳቅ አይሆንልኝም። ልጅ ያላየውን ጓዳ ባየው ሳሎን ለክቶ ነው የሚገምተው፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ማስረጃ አለው። የጓዳውን በር የዘጋነው እኛ ነን።

በ1980ዎቹ መጨረሻ እኛ ሰፈር፣ ሐዋሳ፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተጠራርቶ አንድ ቤት ይሰበሰባል። እትዬ፣ የቤቱ እመቤት፣ በር ላይ ቆመው «እግራችሁን ታጥባችሁ ግቡ!» ይላሉ። ቧንቧው ሥር ተሰልፈን እንታጠብና ሲሚንቶው ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ቴሌቪዥኑ ያለው በርና ቁልፍ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ላዩ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ አንቴናውን ስለሚያዞረው አንድ ትልቅ ልጅ ውጭ ቆሞ የባሕር ዛፉን ምሰሶ ይይዛል። «መጣ?» ይላል። «አልመጣም! ትንሽ ወደ ሐይቁ መልሰው!» እንለዋለን።

ውድድሩ ሲጀመር ሥራችን ብዙ ነበር። መልሱን የሚያውቅ ልጅ ካለ ተነስቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ይጠጋና ድምፅ በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል ይነግራል። «አዋሽ በለው! አዋሽ!» ተወዳዳሪው ትንሽ ቆይቶ «አዋሽ» ካለ ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። ሰምቶናላ! ካልመለሰ ደግሞ ነፋሱ ነው፣ አንቴናው ዞሮ ነው። ፕሮግራሙ ሲደገም የባሰ ነገር ይመጣል። ባለፈው የተሳሳተው ሰው ያው ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ያንኑ ስህተት ይደግማል። አንዷ የሰፈራችን ልጅ እንባዋ እስኪመጣ ተናዳ «አንድ ሳምንት ሙሉ ለምን አላጠናም?» አለች። መልስ የሰጣት አዋቂ አልነበረም። ድጋሚ የሚታየው የተቀረጸ መሆኑን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ በበቃ ነበር።

ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ ሰው ያየናል፣ ይሰማናል ብለን ማመናችን ደግሞ ከሜዳ የተነሳ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ለልጆች ከ40 ዓመት በላይ ተረት ነግረዋል። ሰላም ሲሉን በአንድ ድምፅ እንመልሳለን፤ እሳቸውም ምላሻችንን የሰሙ ያህል ጥቂት ቆም ብለው ነበር የሚቀጥሉት። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ለቅሶው የአንድ ቤተሰብ ብቻ ያልሆነው አለምክንያት አይደለም፤ በየቤታችን ገብተው በዓይናቸው ያዩን ይመስለን ነበርና። ለአንድ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

የዛሬ ልጆች ግምት መልኩ ተለውጧል እንጂ አልጠፋም። የእህቴ ልጅ በኢቢኤስ ነጻነት ወርቅነህ የሚያቀርበውን «የቤተሰብ ጨዋታ» ስታይ የአርቲስቶቹን መልክ እያስተያየች ማን የማን አክስት እንደሆነ ትወስን ነበር። ስሙ የቤተሰብ ነዋ።

ከእነዚህ ሁሉ እምነቶች ውስጥ ግን ከልጅነት ጋር ተሰናብቶ የማይሄድ አንድ አለ፤ ጠያቂው ሁሉን ያውቃል የሚለው። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁትም ለእሱ ነው። ጠያቂው በእጁ ካርድ ይዟል። ካርዱን ሌላ ሰው ጽፎታል። ያንን ሰው ደግሞ ማንም አያየውም።

በዓለም ላይ ይህ የማይታይ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሜሪካኖች በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ክፉኛ ተምረዋል። «ሃያ አንድ» በሚባለው ውድድር ተወዳዳሪዎቹ ድምፅ በማያስገባ የመስታወት ክፍል ውስጥ ቆመው ይጠየቃሉ። በ1956 እ.ኤ.አ. ኸርበርት ስቴምፐል የሚባል ሰው ሳምንታት ሲያሸንፍ ቆይቶ በቻርልስ ቫን ዶረን፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር በሆነ መልከ መልካም ወጣት፣ ተሸነፈ። አገሩ ሁሉ ቫን ዶረንን የዕውቀት አርአያ አደረገው። ኋላ እንደታወቀው ግን መልሱ አስቀድሞ ይነገራቸው ነበር፤ የት ጋ እንደሚያመነቱ፣ ግንባራቸውን መቼ እንደሚጠርጉ ሳይቀር ተለማምደውታል። ላብ እንዲያጠምቃቸው የክፍሉ ማቀዝቀዣ ይጠፋ ነበር። ቫን ዶረን በ1959 እ.ኤ.አ. ምክር ቤት ፊት ቀርቦ አመነ፤ በማግሥቱ ዓመት እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ወጣ። በየቤቱ ተቀምጠው የሰውየውን ላብ አይተው ያመኑት ሚሊዮኖች ልጆች አልነበሩም።

በተቃራኒው የልጅ ጥርጣሬ የት ሊያደርስ እንደሚችል ያሳየ ሰውም አለ። ማይክል ላርሰን የኦሃዮ ሰው ነው፤ በአይስክሬም መኪና ይሠራ ነበር። አንድ ውድድር ላይ ሰሌዳው ላይ የሚሯሯጥ መብራት አለ፤ ተወዳዳሪው አዝራሩን ሲጫን መብራቱ ያረፈበትን ያገኛል። ተመልካቹ ሁሉ ዕድል ነው ብሎ ያምናል። ላርሰን ፕሮግራሞቹን በቪዲዮ ቀርጾ እያቆመ፣ እየመለሰ አየ። መብራቱ የሚዞረው በ5 ዓይነት ቅደም ተከተል ብቻ መሆኑን ደረሰበትና በቃሉ ያዛቸው። በ1984 እ.ኤ.አ. ቀርቦ 110,237 ዶላር ይዞ ወጣ። አዘጋጆቹ አጭበርብሯል ሊሉ ፈልገው ነበር፤ የጣሰው ደንብ ግን አላገኙም፤ ከፈሉት። እኔ ይህን ሰው የማስበው «ለምን?» ማለትን ያላቆመ ልጅ አድርጌ ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። 2013 ዓ.ም. ላይ በአንድ የሐዋሳ ትምህርት ቤት የጥያቄና መልስ ውድድር ለማየት ተጋብዤ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። የሚኒ ሚዲያው ማይክሮፎን ይጮሃል። ሰዓት ያዡ የሞባይሉን ሰዓት ይዟል፤ ጠረጴዛው ላይ በጌጥ ወረቀት የተጠቀለሉ ደብተሮች ተደርድረዋል። ለቡድን «ሀ» ጥያቄ ቀረበ፦ «ኢትዮጵያ በስንት ክልሎች የተዋቀረች ናት?» የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ሳታመነታ «በ10» አለች። ጠያቂው ካርዱን አየ። «አልተመለሰም! ዕድሉ ለቡድን ለ!» የቡድን «ለ» ልጅ ልጅቷን አየት አደረገና «9» አለ። «ትክክል!» ጭብጨባ ሆነ።

ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ሐዋሳ ላይ ነው። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝብ ድምፀ ውሳኔ ሲሰጥ ከንጋት ጀምሮ ሰልፍ የያዙት የእነዚሁ ልጆች እናትና አባት ናቸው። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ሲዳማ 10ኛው ክልል ሆነ። በየአደባባዩ ሆ! ሲባል፣ ባጃጁ ሁሉ ጡሩምባውን ሲያስጮህ ልጅቷ በዓይኗ አይታለች። ዕውቀቷ ከሕይወቷ የመጣ ነው። ካርዱ ግን ከአሮጌ መጽሐፍ ተገልብጧል።

ከውድድሩ በኋላ አገኘኋትና «ለምን አልተከራከርሽም?» አልኳት። አንገቷን ደፍታ «ቲቸር ካርዱ ላይ አይተው ነው እኮ» አለችኝ። 9 ያለውን ልጅም ጠየቅሁት። እሱ ደግሞ 10 መሆኑን ያውቃል። «መጽሐፉ ላይ 9 ስለሆነ ካርዱም 9 ነው ብዬ ነው» አለ። አንዷ እውነቱን ተናግራ ዝም አለች፤ አንዱ እውነቱን እያወቀ ካርዱን መለሰ። የተሸለመው ሁለተኛው ነው። ልጁን አልወቅሰውም፤ የተጠየቀውን ጨዋታ በትክክል ተጫውቷል። ያ ጨዋታ ግን ከትምህርት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ2014 ዓ.ም. ደቡብ ምዕራብ 11ኛ ሆኖ መጣ፤ በ2015 ዓ.ም. ቀሪው ደቡብ ክልል ለሁለት ሲከፈል ቁጥሩ 12 ደረሰ። በአራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 9ም፣ 10ም፣ 11ም፣ 12ም ትክክል ነበሩ። ካርዱ ላይ መቼ እንደተጻፈ፣ ከየት እንደተገኘ ካልተጻፈ መልስ አለው ለማለት ያስቸግረኛል።

«ቲቸር ካርዱ ላይ አይተው ነው» የምትለው ዓረፍተ ነገር ከልጅ ጋር አብራ ታድጋለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከመምህሩ ጋር መጠያየቅን ታስፈራለች። ቀበሌ ገብታ «መዝገቡ ላይ የለህም» የተባለውን ባለጉዳይ አንገቱን አስደፍታ ትመልሳለች። ስልክ ላይ ስትመጣ ደግሞ ኪስ ታራግፋለች። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ባለዕድል ሆነዋል፤ ሽልማቱን ለመቀበል ይህን ያህል ብር ካርድ ገዝተው ቁጥሩን ይንገሩን» የሚለውን ጥሪ ያልሰማ አለ? ኢትዮ ቴሌኮም ስለዚህ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። የማውቃቸው አንድ ጡረተኛ ብዙ ብር ከላኩ በኋላ ነው የነቁት። ያለቀሱት ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም። «ሰውየው እኮ ስሜን ጠርቶ ነው፤ ሁሉን ያውቃል» ይሉ ነበር። ዕጣ እንዴት እንደሚወጣ፣ ሽልማት ማን እንደሚከፍል፣ እውነተኛ ሽልማት ላግኝ ያለ ሰው አስቀድሞ ክፈል እንደማይባል በልጅነታቸው ያሳያቸው አልነበረም። አሁንም ልጆቻችንን የሚያሳይ የለም።

ማሳየት ደግሞ ከባድ አይደለም፤ ሐዋሳ ላይ በተለይ። የደቡብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ለዓመታት የተሠራው እዚሁ ከተማ ነው፤ የሲዳማ ሚዲያ ኔትዎርክም እዚሁ ነው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል አለው። ከታቦር እስከ አላሙራ ያሉ ተማሪዎች በእግራቸው ወይም በባጃጅ የሚደርሱበት ስቱዲዮ እያለ ካሜራ ሳያዩ አሥራ ሁለተኛን መጨረሳቸው ያሳዝነኛል። በዓመት አንድ ቅዳሜ በሩ ይከፈትላቸው። የሳሎን ግድግዳ የሚመስለው ነገር ከጀርባው በእንጨት የተደገፈ ጣውላ መሆኑን ይንኩት። አጨብጭቡ የሚል ምልክት የሚሰጠውን ሰው ይዩት። በአሜሪካ «ጀፐርዲ» የተባለው ዝነኛ ውድድር የአንድ ሳምንቱ አምስት ፕሮግራም በአንድ ቀን ይቀረጻል፤ «ነገ እንገናኝ» የሚለው አቅራቢ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ልብሱን ቀይሮ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን የቀረጻ ብልሃት ልጆቹ በገዛ ከተማቸው ስቱዲዮ አይተው ይሳቁበት። ገንዘቡን የሚያወጣው ስፖንሰር ማን እንደሆነ፣ በምላሹ ምን እንደሚያገኝም ይጠይቁ።

ከዚያ በላይ የምመኘው ግን ካርዱን ራሳቸው እንዲጽፉ ነው። ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ልጆች እንደዚያ አድርገው ነበር። አንዱ «የሐዋሳ ሐይቅ ጥልቀቱ ስንት ሜትር ነው?» የሚል ጥያቄ አመጣ። አንድ መጽሐፍ አንድ ቁጥር፣ ሌላው ሌላ ቁጥር ሰጣቸው። አሞራ ገደል ሄደው ዓሣ አጥማጆቹን ሲጠይቁ «የት ጋ? መቼ? ከክረምት በፊት ነው በኋላ?» ተባሉ። ሐይቁ እንደሚሞላና እንደሚጎድል ያወቁት ያን ቀን ነው። ተጨቃጭቀው ሲያበቁ ጥያቄውን አሻሻሉት፤ ቀኑን ጨመሩበት፤ ከየት እንዳገኙትም ከጀርባው ጻፉ። ጥያቄ ማውጣት ከመመለስ እንደሚበልጥ ያን ዕለት ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም።

ስለዚህ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ውድድር የምታዘጋጁ መምህራን፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎችና የቴሌቪዥን አዘጋጆች ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። በእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ መልሱ የተገኘበት መጽሐፍ ወይም መሥሪያ ቤትና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ። ተወዳዳሪ ደግሞ «አልተመለሰም» ሲባል እጁን አውጥቶ አንድ ደቂቃ የመከራከር መብት ይኑረው፤ ዳኞቹም በአዳራሹ ፊት ምንጩን አንብበው ይመልሱለት። ልጁ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ነጥቡ ይሰጠው፤ ካርዱም እዚያው በእሱ እጅ ይታረም።