ቦንሳይን ከሳሎን አውጡት

በረንዳዬ ላይ ያለውን የሙልቤሪ ቦንሳይ፣ ማለትም በሳህን ውስጥ በትንሹ የሚያድገውን ዛፍ፣ ያየ ሁሉ «ዛፍ ማቀጨጭ ግፍ አይደለም?» ይለኛል። አይደለም። ሥሩና ቅርንጫፉ በልክ ይከረከማል እንጂ አይራብም። ዛፉ ቢያንስም ፍሬው አያንስም፤ ትልቁ ዛፍ ላይ ያለውን ያህል ነው። ግፉስ ጌጥ ተብሎ ቴሌቪዥን አጠገብ መጎለቱ ነው! ሙልቤሪ ፀሐይ ይወዳል፤ ውሃ ቶሎ ይጠማዋል። በበጋ ጠዋት ጠጥቶም ከሰዓት ሰፋፊ ቅጠሎቹ ጠውልገው አገኛቸዋለሁ። ሲቆረጥ የሚያወጣው ነጭ ወተት፣ አቤት እጅ ላይ አጣበቁ! ቅርጽ ለማስያዝ ሽቦ የጠመጠማችሁበትን ቅርንጫፍ ቶሎ ቶሎ እዩት፤ ሽቦው ለስላሳው ቅርፊት ውስጥ ይሰምጣል። ተሠርቶ ያለቀውን በውድ መግዛት ግን አልደግፍም። ቅጠሉ የሐር ትል የሚቀለብበት ይህ ዛፍ ከቁራጭ በቀላሉ ይበቅላል። ካለው ጎረቤት አንድ ዘንግ ለምናችሁ ትከሉ።